ለዓይን የማይታየውም አገር አለው

ጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎችን አፍርቷል ሲባል የሚጠራጠር የለም። ዓሣ የብስ አቋርጦ ሌላ ሐይቅ አይገባም፤ ተነጥሎ ሲኖር ተለይቶ ይለወጣል። ስለ ደቂቅ አልጌዎች ግን ግምታችን ሌላ ነው። ነፋስና የወፍ ላባ ከውሃ ወደ ውሃ ያመላልሳቸዋልና የትም ያው ናቸው እንላለን። ኔዘርላንዳዊው ሳይንቲስት ባስ ቤኪንግም እ.ኤ.አ. በ1934 ደቂቅ ፍጥረት ሁሉ የትም ይደርሳል፣ የሚመርጠው አካባቢው ነው የሚል ሐሳብ አስፍሮ ብዙዎችን አሳምኗል። ማስረጃው ግን ሐይቅ ለአልጌም የትውልድ ስፍራ መሆኑን ያሳያል።

ዋናው ምስክር ዳያተም የሚባለው አልጌ ነው። ይህ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ገላውን መስታወት በመሰለ የሲሊካ ቅርፊት ይሸፍናል፤ ሲሞት ቅርፊቱ ወደ ሐይቁ ወለል ወርዶ በደለል ውስጥ ሳይበሰብስ ይቆያል። ደለሉን ከታች ወደ ላይ የሚመረምር ሰው የዝርያውን ታሪክ በተርታ ያገኘዋል። በአሜሪካ የሎውስቶን ሐይቅ፣ ከ14 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የበረዶው ግግር ሲሸሽ የሰፈረው ዳያተም በሌሎች የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የሚታወቀውን ስቴፋኖዲስከስ ኒያጋሬ ይመስል ነበር። ከዚያ የቅርፊቱ መስመሮችና እሾሆች ቁጥር እየተለወጠ ሄዶ፣ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚታወቀው ስቴፋኖዲስከስ የሎውስቶነንሲስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም።

የውሃው ጠባይ ሲለወጥ የቅርፊቱም መልክ ይለወጣል፤ ይህ አዲስ ዝርያ አያሰኝም የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልክ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ያለችው የብላክፎርድ ኩሬ ግን መልስ ትሰጣለች። ቀድሞ ሴላፎራ ፑፑላ በሚል አንድ ስም ይጠሩ የነበሩ ዳያተሞች በዚያች ኩሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ዴቪድ ማንና ባልደረቦቹ ሲመረምሯቸው፣ ውሃው አንድ ሆኖ ሳለ መልካቸው የተለያየ ነው፤ ለመራባት ሲጣመሩም ከየራሳቸው ወገን ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አምስት አዳዲስ ዝርያዎች ተለይተው ተሰየሙ። ነፋስ ያመላልሳቸዋል ለሚለውም፣ መድረስና መክረም አንድ አይደሉም፤ ውሃውን የለመደ እልፍ ነባር ባለበት ሐይቅ ጥቂት እንግዶች ቦታ ማግኘት ይቸግራቸዋል።

እንግዲህ ሐይቅ ሲበከል አልጌ እንደሆነ ከሌላ ይመጣል ማለት አያዋጣም። ማዳበሪያና ፍሳሽ ውሃውን አረንጓዴ ሲያደርገው አልጌው የበዛ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥቂት ዝርያዎች ሌሎቹን ውጠው ነው። አንድ ሐይቅ በሺህ ዓመታት ያፈራው ዝርያ ከዚያ ከጠፋ የሚመጣበት ሌላ ውሃ የለም። የጣናን ደኅንነት ስንለካ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን አልጌውንም በየዝርያው እንቁጠር።