የመሸታ ቤት ሙዚቃ ነውን?

በሞሃንዲሲን በተደረገው የአባላት ስብሰባ፣ በመካከላችን ላሉ ሙዚቃ ተጫዋቾች በመጪው የእንቁጣጣሽ በዓል ግማሽ ሰዓት እንዲሰጣቸው ሐሳብ ቀርቦ ሁለት ተቃውሞ ገጥሞታል። አንደኛው «ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ መልእክት የለውም» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የመሸታ ቤት ሙዚቃ የተማሪ ማኅበርን ክብር ያጎድፋል» ይላል። ጉዳዩ ገና ስላልተወሰነ፣ የሕክምና ተማሪዎች የሆንን ጥቂት አባላት አስተያየታችንን ለማቅረብ እንወዳለን።

ለሁለቱም ተቃውሞዎች አንድ ካሴት መልስ አለው። ይኸውም ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ትዝታ» ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሸታ ቤቱ እንነጋገር። ቀደም ባለው ዘመን ታላላቆቹ ባንዶች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ። ሙዚቀኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። ሸክላ ማሳተምም ለግለሰብ የተፈቀደ አልነበረም፤ ወጣቱ አምኃ እሸቴ ይህን ደንብ ጥሶ ማሳተም የጀመረው በ1969 ነው። የግል ባንዶች ያደጉት በምሽት ክበቦች ውስጥ ነው። ዋልያሶችም በሒልተን ሆቴል ለሚበላ፣ ለሚጠጣና ለሚጨፍር ሰው በየምሽቱ ይጫወቱ ነበር። በ1974 ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ጭፈራ ቤቶች በራቸውን ዘግተው እንግዶቻቸውን እስከ ንጋት ያቆዩ ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ትምህርት ቤት የቱ ነው? እኛ በሆስፒታል ተረኛ ሆነን የምናድርበትን ሌሊት ሥልጠና ብለን እየጠራን፣ የእነርሱን ሌሊት ብልግና ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ። የአማርኛ ዘፈን ጉልበቱ ከግጥሙ እንደሆነ አንክድም። ሰምና ወርቅ ያሳደገው ጆሮ ቃል ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ትዝታ» ላይ የኃይሉ ኦርጋን የዘፋኙን ቦታ ሲይዝ፣ ዜማውን የሚያውቅ ሰው ግጥሙን ከራሱ ልብ ያወጣል። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ያስታውሳል። ደግሞስ የበሽተኛን ደረት ስናዳምጥ ልብ በየትኛው ቋንቋ ይነግረናል? ቃል የሌለው ድምፅ ማዳመጥ ለሚችል ይናገራል።

የምንኖርበት ከተማም ምስክር ነው። ኡም ኩልሱም በ1964 የተጫወተችው «ኢንታ ዑምሪ» ድምፅዋ ከመሰማቱ በፊት ረጅም የመሣሪያ መግቢያ አለው፤ ኤሌክትሪክ ጊታርም ገብቶበታል። ግብፃውያን መግቢያውን «መልእክት የለውም» ብለው አልጣሉትም። ለዘፋኟም በ2001 በሮዳ ደሴት ሙዚየም ከፍተውላታል።

እኛስ? ዋልያሶች በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉም በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ሥራዎቹን አቧራቸውን አራግፎ ከ2013 ጀምሮ ለዓለም ያሰማው አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ነው፤ «ትዝታ»ም በ2021 እንደገና ታተመ። ለአሳታሚው ምስጋና ይግባውና፣ የራሳችንን ሀብት ሌላ ሰው አንሥቶ እስኪያሳየን መጠበቅ ግን ልማድ ሊሆንብን አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለተጫዋቾቻችን ግማሽ ሰዓቱ ይሰጥ፤ ለኪራይ ሙዚቃ ከሚወጣው ገንዘብም ለመሣሪያ ማጓጓዣ ይቀነስ። ሁለተኛ፣ የሚጫወቱት ተቀድቶ በማኅበሩ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ለዕረፍት አገር ቤት የሚገባ አባል ሁሉ በቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ የቀሩ አሮጌ ካሴቶችን ይጠይቅ፤ የተጫዋቾቹን ስምና ዓመቱን ጽፎ ይምጣ።

ተቃዋሚዎቻችን በዕለቱ መጥተው አዳምጠው ይፍረዱ። ሳይሰሙ መፍረድ ለሐኪምም ሆነ ለተማሪ አይበጅም።