የባለጠጋውን ነፍስ የሚያድን ሠራተኛ ለምን ከኪሱ ይከፍላል?

ነሐሴ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎሕ ሳይቀድ ባየዥያን የተባለችው 56 ሜትር ርዝመት ያላት የቅንጦት ጀልባ በጣሊያኗ ሲሲሊ ደሴት አጠገብ በማዕበል ተመትታ ሰጠመች። ከተሳፈሩት 22 ሰዎች 7ቱ ሞቱ። ብሪታንያዊው የቴክኖሎጂ ባለሀብት ማይክ ሊንች አንዱ ነበር። 15ቱ በነፍስ አድን ጀልባ ተርፈው በአቅራቢያ የነበረ መርከብ ወሰዳቸው።

ዓለም ስለ ባለሀብቱ ብዙ አወራ። ከተሳፋሪዎቹ 10ሩ ሠራተኞች እንደነበሩ፣ ከሟቾቹም አንዱ የጀልባዋ ሠራተኛ እንደነበር ግን ብዙ አልተወራም።

እንዲህ ባለ ሌሊት የእንግዳው ሕይወት በሠራተኛው እጅ ነው። ቀን አልጋ የምታነጥፈውና ራት የምታቀርበው ወጣት፣ ሌሊት እሳት የምታጠፋና ሰው ከውኃ የምታወጣ ትሆናለች። ኤስቲሲደብሊው በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው እ.ኤ.አ. የ1978 ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠና የሚጠይቀውም ለዚህ ነው፦ በባሕር ላይ ሕይወትን ማቆየት፣ እሳት መከላከልና ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ፣ የግል ደኅንነትና ኃላፊነት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቃቶች በየ5 ዓመቱ ይታደሳሉ። ሥልጠናው አስፈላጊ ነው። በዚህ ክርክር የለም።

ክርክሩ ሌላ ነው፤ ማን ይክፈል?

በፈረንሳይዋ አንቲብና በስፔኗ ፓልማ የሚታየው ልማድ ግልጽ ነው። ጀማሪው የኮርሱንም፣ የጤና ምርመራውንም፣ የጉዞውንም፣ የማደሪያውንም ወጪ ራሱ ሸፍኖ ሲቪውን ይዞ ከጀልባ ጀልባ እየዞረ ሥራ ይለምናል። በሚሊዮኖች ዩሮ ጀልባ የገዛው ሰው የሠለጠነ ነፍስ አዳኝ በነፃ ያገኛል።

«ሾፌርስ መንጃ ፈቃድ በራሱ ያወጣ የለም? ደግሞ ሠራተኛው አንድ ወቅት ሠርቶ ይሄዳል» የሚሉ አሉ። መልሱ ቀላል ነው። የእሳት ማጥፊያውንና የነፍስ አድን ጀልባውን የሚገዛው ባለቤቱ ነው። መሣሪያውን የሚያሠራው እውቀት ደግሞ የዚያው መሣሪያ አካል ነው። ይሄዳል የሚል ስጋት ካለ፣ የአንድ ወቅት ውል ሲፈጸም የኮርሱን ክፍያ መመለስ ይቻላል።

ሕጉም ክፍተት አለበት። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የመርከበኞች የሥራ ስምምነት ለቅጥር ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል፤ የቪዛን ወጪም በመርከቡ ባለቤት ላይ ይጥላል። የሥልጠናውን ወጪ ግን ባለቤቱ እንዲሸፍን አያዝም። ይባስ ብሎ ለንግድ የማይሠሩ የግል መዝናኛ ጀልባዎች ከሁለቱም ስምምነቶች ውጭ ናቸው። ሕጉ ጌታውን ነፃ ሲያወጣ፣ ገበያው ሎሌውን ሰርተፍኬት አምጣ ይለዋል።

ነገሩ ባሕር በር ለሌላት ኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ተቋም ምሩቅ መሐንዲሶችን ለዓለም መርከቦች ያሠለጥናል። «መርከብ ላይ እናስቀጥራለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ወጣቱ ሁለት ነገር ይወቅ፦ ስምምነቱ መርከበኛው ለቅጥር እንዲከፍል አይፈቅድም፤ የአንድ ሳምንት ሰርተፍኬትም በር ያስገባ እንደሆነ እንጂ ሥራ አይሆንም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለዚህ ነው።

ጀልባዎቹን የሚመዘግቡ አገሮች አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ይበቃል፤ ነፍሱን የሚያስጠብቅ፣ የጠባቂውን ሥልጠና ይክፈል።