ማደስ ወይስ መደምሰስ?

ስለ ጥንታዊ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕል ሲነገር ምስጋናው ብዙ ነው። የዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የናርጋ ሥላሴ፣ የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስም በየንግግሩ ይነሣል። ከምስጋናው በኋላ የሚሠራውን የተመለከተ ሰው ግን በአፍ የተከበረው ነገር በእጅ ሲጠፋ ያያል። በአንዳንድ ቦታ ሥዕሉ ደበዘዘ ይባልና ከከተማ ቀለም ተገዝቶ ይመጣል፤ የጥንቱ መልክ በአብረቅራቂ የዘይት ቀለም ይሸፈናል፤ ከዚያም «ታደሰ» ተብሎ ይመረቃል። እኔ ግን ይህ ሥራ መደምሰስ እንጂ ማደስ አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴንም ለአንባብያን አቀርባለሁ።

አስቀድሞ የሥዕሎቹን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በአውሮፓ ፍሬስኮ የሚባለው ኖራው እርጥብ ሳለ የሚሣል ስለሆነ ቀለሙ ከኖራው ጋር አብሮ ይደርቃል። የእኛ አሠራር ሌላ ነው። በጣናና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙውን ጊዜ የጥጥ ጨርቅ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ነጭ መደብ ይቀባል፤ ሥዕሉም በሙጫ በተለወሰ ቀለም በደረቁ ይሣላል። ስለዚህ ዋና ጠላቱ ውሃ ነው። በክረምት ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ዝናብ ጨርቁን ከግድግዳው ያላቅቀዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውለውም ሰው ከአቧራው ጋር ቀለሙን ያነሣዋል። የዘይት ቀለም በላዩ ከተቀባ ደግሞ የታችኛውን ሳይጎዱ ማንሣት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ምናልባት፣ «ሥዕል የሚሣለው ለጸሎት ነው እንጂ ለጎብኚ አይደለም፤ ፊቱ የጠፋ ሥዕል ለቅዱሱ ክብር አይሆንም» የሚል ይኖር ይሆናል። አነጋገሩ ከእምነት የመጣ ስለሆነ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ስለ ብራና መጻሕፍት የሚደረገውን እንመልከት። መጽሐፉ ሲያረጅ ጸሐፊው በአዲስ ብራና ይገለብጠዋል፤ የጥንቱም በዕቃ ቤት ይጠበቃል። ለብራና የተሰጠው ክብር ለሥዕል የሚነፈገው ስለ ምን ነው? አዲስ ሥዕል ለሚሻ ምእመን አዲስ ሸራና አዲስ ግድግዳ አለለት፤ ሠዓሊውም በዚያ ይበርታ።

ከዚህም በቀር ሥዕሉ የታሪክ ምስክር ነው። በላስታ፣ በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 የነገሡት የአፄ ይኩኖ አምላክ ምስል አለ። በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ስለ አለባበስ፣ ስለ ጦር መሣሪያ፣ ስለ ዜማ መሣሪያ ጽሑፍ ያልነገረንን ሥዕል ይነግረናል። ይህን ምስክር አንድ ቀቢ በጥቂት ቀን ዝም ሊያሰኘው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዊው የማርሴል ግሪዮል ጓድ በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ከግድግዳው አላቅቆ፣ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸውን ግልባጮች አኑሮ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። ይህ ሲነሣ እንቆጣለን፤ ቁጣችንም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ፓሪስ የሄደው ያለበት ስለሚታወቅ «መልሱ» ማለት ይቻላል፤ በገዛ እጃችን ያጠፋነውን ግን ከማን እንጠይቃለን? በባዕድ ላይ የተቆጣ ሰው በራሱ ደጅ ለሚደረገውም መቆጣት አለበት።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለው መልሱ ከሩቅ አይደለም። በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ በሚገኘው በቅዱስ እንጦንስ ገዳም፣ ቴዎድሮስ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1232 እና በ1233 የሣላቸው ሥዕሎች በጥቀርሻና በኋላ በተቀባ ቀለም ተሸፍነው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1999 ባለሙያዎች ሽፋኑን በትዕግሥት አንሥተው የጥንቱን መልክ ገለጡት። ቤተ ክርስቲያኑም የጸሎት ቤት መሆኑን አልተወም። እንግዲህ ጸሎትና ጥበቃ አብረው ሊኖሩ የማይችሉ ነገሮች አይደሉም።

«ገንዘብ የለንም» የሚለውም ምክንያት አይበቃም፤ ለቀለምና ለቀቢ የተገኘው ገንዘብ ለጣሪያ ሊውል ይችላልና። አስቀድሞ የሚያፈስሰው ጣሪያ ይጠገን፤ ውሃው ከግድግዳው የሚርቅበት ቦይ ይቆፈር፤ የተላቀቀውን ጨርቅ የሚያጣብቀው ሥራውን የተማረ ባለሙያ ይሁን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ለማደስ በቅድሚያ ፈቃድ ማግኘት እንደሚያስፈልግ ደንግጓል። የጎደለው ድንጋጌ ሳይሆን ድንጋጌውን እስከ ገጠር ደብር የሚያደርስ ሹም ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ምረቃ ላይ ሪባን ለመቁረጥ ሲጠራ፣ «ከዚህ ቀለም ሥር ምን ነበረ?» ብሎ ይጠይቅ። መምህሩ ተማሪዎቹን በአቅራቢያው ወዳለው ደብር ወስዶ፣ በአለቃው ፈቃድ፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ያስመዝግባቸው፤ ተማሪውም በሥዕሉ ግርጌ የተጻፈውን ስም ይገልብጥ። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከሚመጣው ክረምት በፊት መጀመር አለበት።