ድንች የሰጠ ደረሰኝ ይቀበላል

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሰው «ትናንት ማታ ድንች ሰጠኝ፤ እኔም ደረሰኙን ቈረጥሁለት» ብሎ ቢነግርዎ የጉልት ነጋዴ ወይም የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው ብለው መገመትዎ አይቀርም። ተናጋሪው በአሜሪካ የትግል ትርኢት የሚተዳደር ሰው ከሆነ ግን የሚለው ሌላ ነው። «ድንች» ማለት በትርኢቱ መካከል በስሕተት ወይም ሆን ተብሎ የሚያርፍ፥ ከልክ ያለፈ እውነተኛ ቡጢ ነው። «ደረሰኝ» ደግሞ ለዚያ ቡጢ የሚመለሰው እኩያው ነው። ደረሰኙ ከተቈረጠ በኋላ ሒሳቡ ተዘጋ፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። በየመሥሪያ ቤቱ ከምንጠብቃቸው ደረሰኞች ይልቅ ይኸኛው ቶሎ ይደርሳል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ዛሬ የምናወጋው ስለዚህ ቋንቋ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልንገርዎ።

ሬስሊንግ የሚባለው ይህ ትርኢት በኦሊምፒክ ከሚታየው ትግል ጋር እንዳይደባለቅብዎ። እዚህ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የሚወስን ሰው አለ፤ እርሱም «ቡከር» ይባላል። አስቀድሞ የተወሰነው ነገር ሁሉ «ዎርክ»፥ ማለት ሥራ ነው፤ ያልተወሰነው እውነተኛ ጠብ «ሹት» ነው። ሕዝብ የሚወደው ደግ ታጋይ «ቤቢፌስ»፥ በአጭሩ «ፌስ» ሲባል፥ ሕግ አፍራሹ ክፉ ሰው «ሂል» ይባላል። የሂል ሥራው መጠላት ነው፤ ሕዝቡ ሲሰድበውና ሲጮኽበት «ሙቀት አገኘሁ» ብሎ ደስ ይለዋል። ተጋጣሚው የሰነዘረው ምት ያሳመመው መስሎ መውደቅና መንፈራገጥ ደግሞ «መሸጥ» ነው። ሕመምን ለተመልካች መሸጥ ነውና ስሙ ይገባዋል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ «ጆበር» ነው፤ ደመወዙን የሚያገኘው በመሸነፍ ነው። ስሙን የሚያስታውሰው የለም፤ ነገር ግን እርሱ በሚገባ ካልወደቀ ጀግናው ጀግና አይመስልም። ይህን ነገር ከዝቅተኛ ጸሐፊ አብልጦ የሚረዳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ሁሉም ማስመሰል ነው ብለው እንዳይቸኩሉ። «ቀለም» የሚሉት ደም ነው። ታጋዩ በእጁ አንጓ ፋሻ ውስጥ ትንሽ የምላጭ ስባሪ ይደብቅና፥ ወድቆ ፊቱን በሸፈነበት ጊዜ የገዛ ግንባሩን ይሰነጥቃል፤ ደሙም ከላብ ጋር ተቀላቅሎ እጅግ ብዙ ይመስላል። ዘዴው ዎርክ ነው፥ ደሙ ግን የራሱ ነው።

ይህ ቋንቋ የተወለደው በድንኳን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ «ካርኒቫል» የሚባሉ የመዝናኛ ድንኳኖች በአሜሪካ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘዋወሩ ነበር። በአንደኛው ድንኳን ታጋይ ይቆማል፤ ከአገሩ ጐልማሶች ይህን ያህል ደቂቃ ለቻለው ገንዘብ ይሰጣል ተብሎ ይታወጃል። አንዳንድ ጊዜ ከሕዝቡ መካከል «እኔ እገጥመዋለሁ!» ብሎ የሚወጣው ጐረምሳ ራሱ የድንኳኑ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ንግድ በገበሬው ፊት እየተነገረ ገበሬው የማይሰማው ቋንቋ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የካርኒቫል ሰዎች በየቃሉ መካከል የ«ዝ» ድምፅ እየሰነቀሩ ይነጋገሩ ነበር። በልጅነትዎ የወፍ ቋንቋ ተናግረው እንደ ሆነ ዘዴው አዲስ አይሆንብዎም። በእኛም አገር አዝማሪዎችና ነጋዴዎች ሌላው የማይሰማው የራሳቸው ንግግር እንደ ነበራቸው፥ ቮልፍ ሌስላው የተባሉት የቋንቋ ሊቅ በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ መዝግበዋል።

በዚያ ድንኳን ገንዘቡን የሚያስረክበው የዋህ «ማርክ»፥ ማለት ምልክት ይባል ነበር። አታላዩ እጁን ጠመኔ ነክቶ የሰውየውን ጀርባ በወዳጅነት መታ መታ ሲያደርገው፥ በሌላው ድንኳን ያለው ባልደረባው ምልክቱን አይቶ ይቀበለዋል ይባላል። ታጋዮችም ተመልካቾቻቸውን እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ከቃላቱ ሁሉ የበላዩ «ኬይፌብ» ነው። «ፌክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፥ ማለት ሐሰት፥ ተገለባብጦ የተገኘ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ትርጉሙ ምስጢሩን መጠበቅ ነው። ባዕድ ሰው ወደ መልበሻ ክፍል ብቅ ሲል አንዱ «ኬይፌብ!» ይላል፤ ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል። ሕጉ ከአዳራሹ ውጭም ይከተላቸው ነበር፤ ፌስና ሂል በአንድ መኪና አይሄዱም፥ በአንድ ገበታ አይቀመጡም።

ይህ ሕግ እስከ ምን ድረስ ይጠበቅ እንደ ነበር ልንገርዎ። ጥቅምት 4 ቀን 1975 አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በሰሜን ካሮላይና ከሻርሎት ወደ ዊልሚንግተን ታጋዮችን ይዛ ስትሄድ ነዳጅ አልቆባት ወደቀች። አብራሪው ከጊዜ በኋላ በዚሁ አደጋ ሞተ። ጆኒ ቫለንታይን የተባለው ታጋይ ሽባ ሆኖ ቀረ። የሪክ ፍሌር ጀርባ ሦስት ቦታ ተሰበረ። እነዚህ ሁለቱ ሂሎች ናቸው። ከነርሱ ጋር ተሳፍሮ የነበረው ቲም ዉድስ ግን ጭንብል እያጠለቀ «ሚስተር ሬስሊንግ» በሚል ስም የሚታገል፥ ሕዝብ የሚወደው ፌስ ነበር። ከጠላቶቹ ጋር በአንድ አውሮፕላን መሄዱ ቢታወቅ የብዙ ዓመት ዎርክ በአንድ ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ ሰውየው ቈስሎ ሆስፒታል በገባ ጊዜ የመድረክ ስሙን ደብቆ የልደት ስሙን ሰጠ፤ ሥራውን ሲጠይቁትም ታጋይ ሳይሆን የትርኢት አዘጋጅ ነኝ አለ። ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶም ወሬውን ለማጥፋት ከነቊስሉ ወደ ትግሉ ተመለሰ። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቊጥር አድናቆትና ኀዘን እኩል ይመጡብኛል።

ከዚያ በኋላ የግንቡ ድንጋይ አንድ በአንድ መውደቅ ጀመረ። በግንቦት 1987 ባንዲራ እያውለበለበ የሚታገለው አሜሪካዊ ጂም ደገን እና የኢራን ባንዲራ የያዘው ጠላቱ አይረን ሺክ በኒው ጀርሲ አውራ ጐዳና ላይ በአንድ መኪና ሲሄዱ የተከለከለ ዕፅ ተገኝቶባቸው በፖሊስ ተያዙ። ብዙውን ሰው የገረመው ግን ዕፁ ሳይሆን መኪናው አንድ መሆኑ ነው! በ1989 ደግሞ ትልቁ የትርኢቱ ኩባንያ ራሱ በኒው ጀርሲ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ሥራችን መዝናኛ እንጂ እውነተኛ ውድድር አይደለም ብሎ ተናገረ። ምክንያቱም በስፖርት ስም ከሚመጣው ቊጥጥርና ክፍያ ለመዳን ነበር። አንድ ታጋይ ከአውሮፕላን ስባሪ ወጥቶ የጠበቀውን ምስጢር ሒሳብ አዋቂዎች አሳልፈው ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ ቃላቱ ወደ ተመልካቹ ተሻገሩ። ቋንቋውን የተማረው ተመልካች «ስማርክ» ይባላል፤ ብልጥም ማርክም ነው ማለት ነው። ሁሉን ያውቃል፥ ትኬቱን ግን መግዛቱን አልተወም። ይህ ዐዋቂነት አንድ ጠንቅ ነበረው፤ ዐይኑ እያየ የሚሆነውን ሁሉ ዎርክ ነው ይል ጀመር።

ግንቦት 23 ቀን 1999 በካንሳስ ሲቲ፥ ኦወን ሃርት የተባለው ካናዳዊ ታጋይ ጭንብልና ካባ ለብሶ ለሣቅ ያህል ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሊወርድ ሲል ማሰሪያው ተፈታና ከ20 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደቀ። በአዳራሹ ከነበረው ሕዝብ ብዙው የትርኢቱ ክፍል መስሎት ነበር። የቴሌቪዥን ተመልካች ደግሞ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሥዕል ይታየው ስለ ነበር አወዳደቁን አላየም። ተራኪው ጂም ሮስ በዚህ ሙያ ያረጀ፥ ቃላቱን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አንዱም አልረዳውም። ይህ የመዝናኛው ክፍል አይደለም፥ እውነት ነው እያለ በተራ ሰው እንግሊዝኛ ደጋግሞ ተናገረ። ኦወን ሃርት በ34 ዓመቱ ሞተ። ሮስ ሞቱን ለቴሌቪዥን ተመልካች አረዳ፤ በአዳራሹ ለነበረው ሕዝብ ግን አልተነገረውም፤ ትርኢቱም እስከ መጨረሻው ቀጠለ።