ጡብ የምግብ ጭማሪ ሆኖ አያውቅም!

መርካቶ ምን ይጠፋል? ፖሊስ በየጊዜው «ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ተያዘ» እያለ በርበሬውን ከጡብ ዱቄት፣ ቅቤውን ከሙዝ፣ እንጀራውን ከጀሶ ጋር በቴሌቪዥን ሲያስተዋውቀን ኖሯል። አሁን ደግሞ አዲስ ማመካኛ መጥታለች። «እንዴ! ፋብሪካውስ ኬሚካል ይጨምር የለ?» ይሉናል። ምሁር ነኝ ባዩም «ልክ ነው» ይላል።

ኧረ ቀስ ጎበዝ!

የምግብ ጭማሪ ማለት ምግቡ ቶሎ እንዳይበላሽ፣ ቀለሙና ጣዕሙ እንዲያምር፣ ዘይትና ውሃው እንዳይለያይ፣ ሊጡ ኩፍ እንዲል ተብሎ ተመዝኖ የሚገባ ነገር ነው። ለስላሳው ጠርሙስ ላይ «ሶዲየም ቤንዞዌት» ተብሎ ሲጻፍ ሻጋታና እርሾ እንዳያድግበት ነው (ፊደሏን ለማንበብ መነጽር ማስፈለጉ ሌላ ጣጣ ነው)። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋራ ኮሚቴ አቁመው፣ ሰው በቀን ስንት ቢወስድ እንደማይጎዳው ያሰላሉ። እናቶቻችንም ቅቤ ሲያነጥሩ እርድና ኮሰረት ይጨምራሉ፤ ግን ከማን ደበቁ? መንግሥት ራሱ በደንብ ቁጥር 204/2003 ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደው ለእንቅርት ብሎ ነው።

ጡቡንስ ማን መዘነው? የትኛው ጆንያ ላይ ተጻፈ? ጡብ በርበሬ አያቆይም፣ አያጣፍጥም። የሚያከብደው ሚዛኑን ብቻ ነው!

በ2005 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በርበሬ ዱቄት ውስጥ «ሱዳን 1» የሚባል የሰምና የጫማ ቀለም ማቅለሚያ ሲያገኙ፣ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶችን ከመደርደሪያ አወረዱ። የኛዎቹስ? አዋጅ እንደሆነ አልጠፋም፤ ቁጥር 1112/2011 ተብሎ ተቀምጧል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሱቅ እስኪዘጋ ድረስ መርካቶን በደረሰኝ ያመሰ ተቆጣጣሪ፣ በርበሬ በረንዳ ሲደርስ ጆንያ መፍታት ለምን አቃተው? ደረሰኝ እኮ አይበላም! ካሜራ ፊት የምትቆመውም ብዙ ጊዜ ጓዳዋ ውስጥ ስትቀላቅል የተገኘች ምስኪን ሴትዮ ናት። በጭነት መኪና የሚያራግፈው ጌታ ስሙም አይነሳ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በርበሬ በረንዳና ቅቤ ተራ ላይ መመርመሪያ ይቁም። ገዢው የገዛትን ሩብ ኪሎ ይዞ ይግባ፣ ውጤቱን ይዞ ይውጣ። የተያዘው በርበሬ ሲቃጠል አይተናል፤ ባለቤቱ ሲፈረድበት ደግሞ አሳዩን።