ቁጥሩ ያው፣ ጠባዩ ሌላ

መርካቶ አይሲ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ «3842 አለ?» ብትሉ ባለሱቁ ከመሳቢያው አንዱን አንስቶ ይሰጣችኋል። መጨረሻው ላይ «ኤ» የምትል ፊደል ትኑር አትኑር አይጠይቅም፤ እናንተም አትጠይቁም። «ያው ነው!» ይላል። የሚያናድደው ይህቺ ቃል የእሱ ፈጠራ አለመሆኗ ነው፤ ከፋብሪካ ነው የወረደችው።

የቻርጀርን ኃይል የሚቆጣጠረውን ቺፕ ዩሲ3842ን ልውሰድ። ለመነሳት 16 ቮልት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ከመነሻ ሬዚስተሩ እስከ 1 ሚሊአምፔር ሊወስድ ይችላል። ተሻሽሎ «ኤ» ሲጨመርለት ይህ ጣሪያ ወደ 0.5 ወረደ። ማሻሻያን ማን ይጠላል? እንበልና አንድ ቻርጀር የነደፈ መሐንዲስ ይህን አምኖ ሙቀት ለመቀነስ 470 ኪሎኦም ሬዚስተር አስገባ። 220 ቮልት መብራት ሲስተካከል 310 ገደማ ስለሚሆን 0.63 ሚሊአምፔር ያህል ያልፋል፤ ለ«ኤ» ይተርፋል። ቻርጀሩ ተበላሽቶ ጠጋኙ ፊደል የሌለውን ቢተካበት፣ ያ ቺፕ ደግሞ 0.55 የሚወስድ ቢሆን፣ ቀን ይነሳል። ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድና መብራቱ 180 ሲገባ የሚደርሰው 0.51 ብቻ ነው፤ አልነሳም ብሎ ያድራል። ጠጋኙ ካፓሲተር ይቀይራል፣ ዳዮድ ይቀይራል። ቺፑንማ አሁን ነው የቀየረው፣ ምን ብሎ ይጠርጥረው?

ከዚያ በኋላ የመጣው ዩሲሲ38ሲ42 ደግሞ እግር በእግር ይተካል ተብሎ ነው የሚሸጠው። እግሩስ ይገጥማል። ነባሩ እስከ 30 ቮልት ይችል የነበረውን ግን አዲሱ 20 ላይ ያበቃል። የጅረቱን መጠን ዓይቶ ለማጥፋት 150 ናኖሰከንድ ይፈጅ የነበረው ወደ 35 ወርዷል፤ ይህ በሙገሳ የሚነገር ነው። ቺፑ የሚያበራውና የሚያጠፋው ትራንዚስተር፣ ሞስፌቱ፣ ሲከፈት የሚፈጠረውን ቅጽበታዊ የጅረት ዝላይ ግን ዘገምተኛው ሳያየው ያልፍ ነበር፤ ፈጣኑ ያየዋል፣ ያለ ጊዜውም ሊያጠፋ ይችላል።

«ሁሉም እኮ ዳታሺቱ ላይ ተጽፏል» የሚል መልስ አውቃለሁ። ግማሽ እውነት ነው። የተለመደውን ልኬት ይዞ ጣሪያውን ሳያይ የሚነድፍ መሐንዲስ ጥፋቱ የራሱ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ መስመር የሌለው ጠባይስ? እሱ ሲቀየር ማን ይናገራል?

ለዚህ ጄይ-ስታንዳርድ 046 የሚባል የኢንዱስትሪው ደንብ አለ። አምራቹ ለውጥ ሲያደርግ ዕቃውን ከመላኩ 90 ቀን በፊት ለደንበኛው ያስታውቃል። ደንበኛው በ30 ቀን ውስጥ መድረሱን ካላረጋገጠ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል። ዝምታ ወርቅ ነው እንላለን፤ እዚህ ግን ዝምታ ፊርማ ነው። መሳቢያው ያለበት ሱቅ ድረስ የሚመጣ ማስታወቂያ ደግሞ አላየሁም። ማስታወቂያው ላይ «ቅርጹም፣ አገጣጠሙም፣ ሥራውም አልተለወጠም» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ የአሮጌውና የአዲሱ ልኬት ጎን ለጎን ይታተም። ፋብሪካው ሁለቱንም ለክቷል፤ ሳይለካማ «አልተለወጠም» ሊል አይችልም።

የማውቀው አንድ ጠጋኝ እስከዚያው የራሱን ዘዴ አበጅቷል። የጠገነውን ቻርጀር ከመክደኑ በፊት ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል በማርከር «ኤ ብቻ» ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ለሚከፍተው ሰው።