ከእግራችን ሥር ያለው ገመና

ስለ ሽንት ቤት ፍሳሽ በጋዜጣ መጻፍ ነውር የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምሳ ላይ ያለም ካለ ገጹን አጥፎ ቆይቶ ይመለስበት። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? እኔ ደብቄ ያገኘኝ ነገር ሌላው ወገኔ ቤት እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው መስከረም የማኅበር ተራው የእኛ ነበር። አርባ ያህል ሰው ቤታችንን ሞልቶታል። ጸሎቱ ደርሶ፣ ጠበሉ ተቀምሶ፣ ዶሮ ወጡ ገና መቅረብ ሲጀምር ባለቤቴ ጠጋ ብላ «ቤዝመንት ውረድ» አለችኝ። ከድምጿ ደህና ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ወረድኩ። ወለሉ ላይ ካለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ፣ ወደ ታች መሄድ የነበረበት ሁሉ ወደ ላይ እየመጣ ነው። ከላይ አንድ እንግዳ ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ በለቀቀ ቁጥር ከታች የእኔ ጫማ ላይ ይወጣል።

እንግዲህ አስቡት። ካህን ተቀምጠው፣ አረጋውያን ተቀምጠው «ሽንት ቤት እንዳትገቡ» ተብሎ እንዴት ይታወጃል? ታወጀ። አሜሪካዊት አሮጊት ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው እንግዶቻችንን ተራ በተራ አስተናገዱልን። በኋላ ላመሰግናቸው ስሄድ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ትልቅ የሜፕል ዛፍ በጣታቸው አሳይተው «የእኔንም ቱቦ የበላው እሱ ነው» አሉኝ።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ቤቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በ2004 ስንገዛው የመረመረው ኢንስፔክተር «ቤቱ አሮጌ ነው፤ 250 ዶላር ጨምራችሁ የፍሳሽ መስመሩን በካሜራ አሳዩ» ብሎ መክሮን ነበር። እኔ ግን «ለጥቂት ዓመት ነው፤ አገራችን ስንገባ እንሸጠዋለን» ብዬ ተውኩት። ጥቂት ያልኩት ዓመት ሃያን አለፈ። በዚህ መካከል ቱቦው ዝም አላለም። የልብስ ማጠቢያው ውሃውን ሲደፋ ሽንት ቤቱ እንደ ባዶ ሆድ ይጮህ ነበር። ገላ መታጠቢያውም ሽንት ቤቱም አብረው ይዘገዩ ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ቢዘጋ ችግሩ እዚያው ነው፤ ሁለት ሦስት ቦታ አብሮ ሲዘገይ ግን የታመመው ዋናው መስመር መሆኑን ዛሬ አወቅሁ። ያኔ ከሱቅ የጠርሙስ መክፈቻ ኬሚካል ገዝቼ እያፈሰስኩ አልፈው ነበር።

የማኅበሩ ዕለት ማታ በስልክ የጠራሁት የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። አሥር ደቂቃ ያህል ዞር ዞር ብሎ አየና «ከቤቱ እስከ መንገዱ ሙሉው መስመር ይቀየር፤ 19,000 ዶላር። ዛሬ ማታ ከፈረማችሁ 2,000 እቀንሳለሁ» አለ። ሽታው ራሴን አዙሮኝ፣ ሐፍረቱ አንገቴን አስደፍቶኝ ነበርና ብዕሩን ተቀበልኩ። ባለቤቴ ግን «በሬ እንኳ የሚገዛው ጥርሱ ታይቶ ነው» ብላ ወረቀቱን መለሰችለት። ተቆጣሁ። ሌሊቱን በባልዲና በመወልወያ አነጋነው።

በማግሥቱ ጎረቤታችን የጠቆሙን ሰው መጣ። ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ሣር የዋጠውን የቱቦ ክዳን ፈልጎ አገኘ፤ ክሊን-አውት ይሉታል። ያን ሁሉ ዓመት ስረግጠው መኖሩን አላውቅም ነበር። በዚያ በኩል ስለት የተገጠመለት ረጅም ሽቦ አስገብቶ መንገድ ከከፈተ በኋላ ካሜራውን ላከና «ና፣ አንተም እይ» አለኝ።

አየሁ። ከቤቱ ሥር ያለው የብረት ቱቦ ዝጓል እንጂ ጸንቷል። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ግን ሸክላ ነው፤ አዎ፣ እንደ እንስራና እንደ ጀበና የተተኮሰ ሸክላ። ሸክላው ራሱ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ድካሙ መጋጠሚያው ላይ ነው። በዚያ እርጥበት ይወጣል፤ የዛፍ ሥር እርጥበቱን ተከትሎ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ይወፍራል። በሁለት ቦታ ሥሩ እንደ ጎፈሬ ቆሞ ታየኝ። በአንድ ቦታ ደግሞ ቱቦው ተሰብሮ፣ ወደ ታች ሰምጦ ውሃ አቁሯል። ሰውየው «ይህ ነገር ሞተር የለውም፤ የሚሠራው በቁልቁለት ብቻ ነው» አለኝ። በአንድ ጫማ ርዝመት ሩብ ኢንች ያህል ዝቅ ማለት አለበት። መሬቱ ሰጥሞ ያ ቁልቁለት ሲጠፋ ቆሻሻው ይተኛል፣ ሌላውን ይይዛል። ከ60 ጫማው መስመር የተበላሸው 12 ጫማ ያህል ነበር። ዋጋው ከከተማው ፈቃድ ጋር 4,600 ዶላር። የሌሊቱ ቁጣዬ ትዝ ብሎኝ ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከመቆፈሩ በፊት 811 ደወለ፤ በአሜሪካ ይህ አገልግሎት ያለ ክፍያ ነው። ሰዎች መጥተው ሣሩን ቀለም ቀቡት፤ ለጋዝ ቢጫ፣ ለውሃ ሰማያዊ፣ ለመብራት ቀይ፣ ለፍሳሽ አረንጓዴ። የተሰበረው ሸክላ ወጥቶ ፕላስቲክ ቱቦ ገባ፤ የከተማው ተቆጣጣሪ አይቶ ከፈቀደ በኋላ አፈሩ ተመለሰ።

ጥፋቱን ሁሉ በዛፉ ላይ እንዳላላክክ ካሜራው አንድ ነገር አሳየኝ። ቱቦው ውስጥ ሥሩን ሸፍኖ የረጋ ቢጫ ነገር አለ። «ስብ ነው» አለ ሰውየው። እኔ ግን አወቅሁት። የዶሮ ወጣችን ቅቤና ዘይት ነው። በሙቅ ውሃ እየታጠበ ሲወርድ ፈሳሽ ነው፤ ቀዝቃዛው መሬት ሥር ሲደርስ ይረጋል። አሁን ቤታችን ውስጥ የድስቱ ቅባት በጣሳ ይጠራቀምና ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣላል። የሕፃን መጥረጊያውንም እንዲሁ፤ «ሽንት ቤት ይጣላል» ተብሎ ቢጻፍበትም አትመኑት።

ለባለ አሮጌ ቤት ወገኖቼ ጥቂት ልጨምር። ቤታችሁ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ከሆነ ቱቦው ኦሬንጅበርግ የሚሉት፣ ከእንጨት ቃጫና ከሬንጅ የተሠራው ሊሆን ይችላል። እሱ በዕድሜው ይጨፈለቃል፤ መቀየር እንጂ መጠገን ብዙም አያዋጣም። ቱቦው ቅርጹን ካላጣ ግን ሳይቆፈር ከውስጥ አዲስ ሽፋን ማልበስ ይቻላል፤ ይህ ዘዴ በ1971 ለንደን ላይ የተጀመረ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የካሜራውን ፊልም ቅጂ ጠይቁ። ድርሻችሁ የት ድረስ እንደሆነም ጠይቁ፤ በአሜሪካ አንዱ ከተማ እስከ ግቢያችሁ ወሰን ይላል፣ ሌላው መንገዱ ሥር እስካለው ዋና መስመር ያስከፍላችኋል። በእንግሊዝና በዌልስ ያላችሁ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2011 ጀምሮ ከወሰናችሁ ውጭ ያለው ቱቦ በአብዛኛው የውሃ ኩባንያው ነው። ኢንሹራንሳችሁንም አንብቡ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ተጨማሪ ውል ካልተገባበት በስተቀር ተመልሶ የሚመጣ ፍሳሽ ላደረሰው ጉዳት አይከፍልም። የእኔም አልከፈለም።

ቢከፍልስ ኖሮ የትኛውን? ቤዝመንት ውስጥ ከአገር ይዤው የወጣሁት ሻንጣ ነበር። ስንመለስ እንዳይጠፋ ብዬ የእናቴን ደብዳቤዎች ያኖርኩት እዚያ ውስጥ ነው። ወለል ላይ ነበር የተቀመጠው፤ መደርደሪያ መግዛትም «ለጥቂት ዓመት» ምን ያደርጋል ብዬ ነበራ። ከአርባ አንድ ደብዳቤ ማንበብ የሚቻለው ዘጠኙ ብቻ ነው። እሷ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ሌላ አትጽፍልኝም።

ቦዩ በተደፈነበት ላይ ባለቤቴ ዛፍ አይተከልም ብላ ጤና አዳምና በሶብላ ተክላለች። የማኅበሩ ካህን በየወሩ «ለከርሞ በአገራችን ያድርገን» ብለው ሲመርቁ እኔም እንደ ወትሮው አሜን እላለሁ። ለከርሞ መስከረም ግን፣ ከማኅበሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ባለ ካሜራውን ሰው ቀጥሬዋለሁ።